ጉልበት ሲያም፦ አረጋውያንና የመገጣጠሚያ ሕመም

«ብርድ ነው፣ እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ሲባል ሳይሰሙ አይቀሩም። በዚህም ምክንያት ብዙ እናቶችና አባቶች ሕመማቸውን ችለው ይቀመጣሉ።

ኦስቲኦአርትራይትስ የሚባለው ይህ ሕመም ከብርድ አይመጣም። የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ሲሳሳና መገጣጠሚያው ሲጎዳ የሚፈጠር ነው። ዕድሜ፣ ከባድ ሥራ፣ የቆየ ጉዳትና ውፍረት ያባብሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕመሙ ነበረባቸው፤ ከመቶው 60ዎቹ ሴቶች ናቸው። በብዛት የሚያጠቃውም ጉልበትን ነው።

ቤት ለቤት ስንዞር ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነገር ነው። ቁጢጥ ማለት ስለሚያማቸው ሽንት ቤት ላለመሄድ ብለው ውሃ የማይጠጡ አረጋውያን አሉ። እነዚሁ ሰዎች ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሱቅ ገዝተው በየቀኑ ይውጣሉ። መድኃኒቶቹ ሕመም ያስታግሣሉ፤ ነገር ግን ሲዘወተሩ ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ የደም ግፊትንም ሊጨምሩ ይችላሉ። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። እንደ ካኩማ ባለ ሞቃት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግፊት፣ ስኳር፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ክሊኒክ ሳይጠይቅ አይውሰዳቸው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ይምጣ። በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ መቀመጫው የተበሳ ወንበር በሽንት ቤቱ ቀዳዳ ላይ ማስቀመጥ ብዙ ችግር ያቃልላል፤ በሠፈራችሁ አናጢ አይጠፋም።

«ቁጭ ብለው ይረፉ» የሚለው ምክር ከቅንነት ቢመጣም ይጎዳል። የጭን ጡንቻ ሲላላ ጉልበት ደጋፊ ያጣል። አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጡ፤ አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ያንሱ፤ እስከ 5 ይቁጠሩና ቀስ ብለው ያውርዱ። በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ያድርጉት። መጀመሪያ ትንሽ ቢያምዎ አይደንግጡ፤ ለውጡ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። ምርኩዝ የሚይዙ ከሆነ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ይያዙ (ብዙ ሰው በተገላቢጦሽ ነው የሚይዘው)። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍለው ይቅዱ፤ ወይም ልጅ ይርዳዎ።

መገጣጠሚያው ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ተሳስሮ የሚቆይ ከሆነ ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ይታዩ። በድንገት ቀልቶ፣ አብጦና ግሎ ትኩሳት ከተጨመረበት ግን ነገ አይበሉ፤ በዚያው ቀን ክሊኒክ ይምጡ።