ስለ ውራጅና ስለ ሰልባጅ ልብስ፤ ለችግረኛ እንዲጠቅም እንጂ በሽታ እንዳያወርስ

አንድን ልብስ ሁለትና ሦስት ሰው ተራ በተራ መልበሱ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የታላቅ ወንድም ሱሪ ለታናሹ ይወርዳል፤ የእናት ቀሚስ ተቆርጦ ለልጅቱ ይሰፋል፤ ጋቢው ሲያረጅ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። ይህን «ውራጅ» እንለዋለን። ሌላ አገር ሰው ለብሶት በገበያ የሚሸጠውን «ሰልባጅ» እንለዋለን፤ በጉምሩክ ቋንቋ ደግሞ «ልባሽ ጨርቅ» ይባላል። ስሙ ሦስት ይሁን እንጂ በጤና ጥበቃ ዐይን ሲታይ ነገሩ አንድ ነው፤ ይኸውም በሌላ ሰው ገላ ላይ የነበረ ልብስ ወደኛ ገላ መምጣቱ ነው።

ይህ ትምህርት የተጻፈው በተለይ በጌጫና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም እስከ ማሻ፣ እስከ ቴፒና እስከ ሚዛን ተፈሪ ድረስ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ነው። ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የገባ የታወቀ ደን ነው። ደን ባለበት ዝናብ አለ፤ ዝናብ ባለበት ደግሞ የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ብርዱም ቀላል ስላልሆነ ሰው ሁሉ ሹራብና ብርድ ልብስ ይሻል። የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ወደ ቆላው የቡና አገር ከሩቅም ከቅርብም የሚጎርፈው ለቃሚ በአንድ ዳስ ውስጥ ተጨናንቆ ያድራል፤ ብርድ ልብሱንም ለሁለት ለሦስት ይጋፈፋል። እንግዲህ የልብስ ጤና ነገር በኛ አገር ከሌላው ይልቅ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንድ የተማረ ሰው «ሰልባጅ የበሽታ ምንጭ ነውና አትልበሱ» ብሎ ሲያስተምር ይሰማል። እንደኔ አስተያየት ይህ ትክክለኛ ትምህርት አይደለም። አዲስ ሹራብ ለመግዛት አቅም የሌላትን እናት «ሰልባጅ አትግዢ» ማለት «ልጅሽ ይብረደው» ማለት ነው። ልብስ የሌለው ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ መለወጫ የሌለው ሰው ደግሞ የለበሰውን አውልቆ ማጠብ አይችልም። ሁለተኛ ቅያሪ ማግኘት ራሱ የንጽሕና መጀመሪያ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ያረጀ ኮት ብዙ ሰው ይመግባል፤ ገበያ ላይ ዘርግታ የምትሸጠው ሴት፣ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የሚያጠብበውና የሚያሳጥረው ልብስ ሰፊ፣ አጥባና ተኩሳ የምታድር ሴት ሁሉም ከዚያች ኮት ጥቂት ጥቂት ያገኛሉ።

ከውጭ የሚመጣው ሰልባጅ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ነው፤ ሆኖም በቦንዳ እየታሰረ በኮንትሮባንድ ሲገባ ጉምሩክ በየጊዜው እንደሚይዝ ይሰማል። ይህ ጨርቅ በርካሽ ሲራገፍ የአገር ውስጥ ፋብሪካና ሸማኔ ገበያ ያጣል። ጎረቤቶቻችንም በዚሁ ነገር ሲከራከሩ ኖረዋል። ኬንያዎች «ሚቱምባ»፣ ማለትም ጥቅል፣ ይሉታል፤ በናይሮቢ የጊኮምባ ገበያ፣ በጋና አክራ ደግሞ የካንታማንቶ ገበያ እጅግ ብዙ ሰው በዚህ ንግድ ይተዳደራል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ ኪሎ ልባሽ ልብስ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብታሳድገው፣ አሜሪካ በ2018 የሩዋንዳ ልብስ ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረውን ዕድል አገደባት። ክርክሩን ለባለሥልጣኖቹ እንተወውና፣ እኔ የምለው ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ቦንዳ በፊት በየሣጥናችን ተቆልፎበት የሚበሰብሰው ልብስ ይውጣ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ከጥንት አሉ። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው (ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል) አሮጌ ዕቃ ሰብስቦ ወደ መርካቶ ይወስዳል። «ልዋጭ» የሚሉትም አሮጌ ልብስ ተቀብለው የፕላስቲክ ሳህን ወይም ጆግ ይሰጣሉ። በጌጫ ይህን የሚያህል ገበያ ባይኖርም ዕድር አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። የስምንተኛ ክፍል ልጅ የጠበበውን የደንብ ልብስ ለአምስተኛው ክፍል ልጅ ቢያስተላልፍ ማን ይጎዳል? ውሃውንም ማሰብ ነው፤ የአንድ የጥጥ ካናቴራ ጥጥ ከሚዘራበት አንሥቶ ልብሱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ወደ 2700 ሊትር ውሃ እንደሚፈጅ ይገመታል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 135 ጀሪካን መሆኑ ነው። ጀሪካን በጀርባዋ የተሸከመች ሴት ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ይገባታል።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1909 ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ከተማ ሳለ አንድ ነገር አስተዋለ። የተስቦ በሽተኞች ከሆስፒታሉ በር ውጭ ሳሉ በሽታውን ለሌላው ያስተላልፋሉ፤ በር ላይ ልብሳቸውን የሚቀበሉትና የሚያጥቡት ሠራተኞችም ይታመማሉ። ነገር ግን በሽተኛው ገላውን ታጥቦ፣ የሆስፒታል ልብስ ለብሶ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ አጠገቡ የተኛውን ሰው እንኳ አያስይዝም። እንግዲያውስ በሽታው የቀረው ከልብሱ ጋር ነው ማለት ነው። ኒኮል በዚህ ተመርቶ ተስቦን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል መሆኑን በምርመራ አረጋገጠ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል ይለያል። የሚኖረው በገላ ላይ ሳይሆን በልብስ ውስጥ ነው፤ ደም ሊጠጣ ብቻ ወደ ገላ ይወጣና ተመልሶ ይገባል። እንቁላሉን፣ ማለት ቅጫሙን፣ የሚያጣብቀው በስፌት መገጣጠሚያ፣ በብብት፣ በኮሌታና በወገብ እጥፋት ላይ ነው። ከተስቦ ሌላ የሚያገረሽ ትኩሳት የሚባለውንም በሽታ ያስተላልፋል። ይህ በሽታ በዓለም ላይ ከብዙ አገር ጠፍቶ ሳለ በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ይገኛል። ሰውየው ጥቂት ቀን በኀይል ይተኩሰዋል፤ ይሻለዋል፤ ዳንኩ ሲል ያገረሽበታል። እንዲህ ያለ ትኩሳት ያለበት ሰው «ወባ ነው» ብሎ መድኃኒት ከሱቅ ከመግዛት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ። መድኃኒቱ ፍቱን ነው፤ ግን በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በባለሙያ ፊት መወሰድ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። የሚያገረሽ ትኩሳት ተሐዋስያን የሚኖሩት በቅማሉ ገላ ውስጥ ነው፤ ወደ ሰው የሚገቡትም ቅማሉ ሲፈጠፈጥ ነው። ስለዚህ ቅማልን በሁለት ጥፍር መሀል ማፍረጥ፣ ይልቁንም አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው በጥርስ መቀርጠፍ፣ በሽታውን በእጅ ጠርቶ ማስገባት ነው። ልብሱን እንዳለ ለሙቀት ማቅረብ ይሻላል።

ባለፈው የቡና ወራት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። (በኛ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ እኔ ጤና መኮንን ነኝ ብል የሚሰማኝ የለም።)

«ዶክተር፣ ይኸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል» አሉኝ።

«እማማ፣ ይህን ሹራብ ከገበያ ነው የገዙት? አጥበውታል?»

«አጥቤዋለሁ እንጂ! በሳሙና አሽቼ፣ እሳት ዳር ሰቅዬ።»

«እስቲ ይገልብጡት።»

ሲገለበጥ በብብቱ ስፌት ላይ ቅጫሙ እንደ ጤፍ ተሰክቷል።

«ታዲያ ሳሙናው ምን ሠራ?» አሉ ተናደው።

«ሳሙናው እድፉን አወጣ፣ እማማ። ቅጫሙን የሚገድለው ሙቀት ነው።»

እውነትም ቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ብቻውን ለቅማል አይበቃም። የጥጥ ልብስ ከሆነ ውሃ አፍልቶ መዘፍዘፍ ነው፤ ከ54 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ለ5 ደቂቃ ያህል ካገኘው ቅማሉም ቅጫሙም ይሞታል፤ የፈላ ውሃ ከዚህ እጅግ ያልፋል። የሱፍ ሹራብና ብርድ ልብስ ግን ቢቀቀል ይኮማተራል። ለዚህ የከሰል ካውያ አለን። ልብሱን ገልብጦ በስፌቱ ላይ ካውያውን በዝግታ ማሳለፍ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል ማድረግም ይጠቅማል። ታዲያ በከሰል ሲተኮስ በርና መስኮት ይከፈት፤ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል። ካውያ ሌላም ጥቅም አለው፤ በሞቃትና በረጠበ አገር በጥላ ሥር በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች፤ ትሏ ቆዳ ውስጥ ገብታ እብጠት ታወጣለች። የተተኮሰ ልብስ ግን ይህን አያመጣም።

ውሃ በየጊዜው ማፍላት እንጨት ይጠይቃል፤ እንጨቱን የምትሸከመው ደግሞ ሴቷ ናት፤ የሚቆረጠውም ያው ደን ነው። ስለዚህ እንጨት የማይጠይቀውን መንገድ ማወቅ ደግ ነው። ቅማል ሰው ካላገኘ ከአንድ ሳምንት በላይ እምብዛም አይኖርም፤ የእከክ ተሐዋስም ከሰው ገላ ተለይታ ከሦስት ቀን ያህል አታልፍም። የሚያስቸግረው ቅጫሙ ነው፤ በብርድ ጊዜ ለመፈልፈል ይዘገያል። ስለዚህ የተገዛውን ልብስ በወፍራም ላስቲክ አጥብቆ አስሮ፣ በቆላ ሁለት ሳምንት፣ እንደ ጌጫ ባለ ብርድ አገር ግን አንድ ወር ሙሉ ሳይፈቱ ማስቀመጥ ነው። ለክረምት የሚያስፈልገውን ሹራብ ብርዱ ከመግባቱ አንድ ወር አስቀድሞ መግዛት እንግዲህ የብልህ እናት ሥራ ነው። የእህል ነቀዝ ማጥፊያ ዱቄት ልብስ ላይ መነስነስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መርዙ በቆዳና በትንፋሽ ይገባል።

ለዕድር ወይም ለቡና ለቃሚዎች ሰፈር ደግሞ በርሜል አለ። እ.ኤ.አ. በ1915 በሰርቢያ ተስቦ ሕዝቡን ሲፈጅ፣ ለእርዳታ የሄዱ የእንግሊዝ ሐኪሞች አንድ ቀላል ዘዴ አበጁ፤ እስከ ዛሬም «የሰርቢያ በርሜል» ይባላል። አንድ ባዶ በርሜል ቂጡ ይበሳሳል፤ ውሃ በሚፈላበት ድስት ወይም ጎላ ላይ ይቀመጣል፤ ልብሱ ከውስጥ ይንጠለጠላል፤ አፉ በክዳን ይገጠማል። እንፋሎቱ ከታች እየወጣ በልብሱ ውስጥ ያልፋል። ክዳኑ በደንብ ከጋለ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ይበቃል። ትንሽ ውሃና አንድ እሳት የብዙ ሰው ልብስ ያነጻል ማለት ነው። በርሜሉ ግን ከዚህ በፊት የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ነዳጅ የነበረበት እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ለቃሚዎች በደረሱበት ቀን ማታ፣ ገላቸውን እየታጠቡ ሳሉ ልብሳቸውን በዚህ ማሳለፍ የቡናው ባለቤት ግዴታ ቢሆን እወዳለሁ፤ ሠራተኛው በትኩሳት ከወደቀ ቡናውም ዛፉ ላይ ይቀራል።

ሳሙና ያጣ ሰው እንዶድ አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ሥር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለማወቅ መንገድ ሆነላቸው። ዓሣንም ስለሚገድል እጣቢውን ወደ ወንዝ አይድፉት።

ስለ ጫማ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በደቡብ ምዕራብ አገራችን በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ የእግር ዝሆኔ ያመጣል፤ ሙጃሌም ልጆቻችንን ያነክሳል። አሮጌ ጫማ ከባዶ እግር በብዙ ይሻላል። ውስጡን በሳሙና አጥቦ፣ ወረቀት ጎስጉሶ፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ ማቆየት ነው፤ እርጥብ ጫማ በጣት መሀል ፈንገስ ያበቅላል። የጠበበ ጫማ ግን ለልጅ አይስጡ፤ ቁስል ይከፍታል። ጫማ ተገኘ ብሎ እግርን በየማታው በሳሙና መታጠብን መተውም አይገባም። የውስጥ ሱሪና ካልሲ ቢቻል አዲስ ይሁን።

ልብስ የሚሰጥ ሰውም ምግባር አለው። አዝራሩ የወደቀውን ሰፍቶ፣ የተቀደደውን ጠግኖ፣ አጥቦና ተኩሶ ይስጥ፤ እርሱ የማይለብሰውን ቡትቶ ለጎረቤት መወርወር ስጦታ አይባልም። በሰው ፊት «ይህችን ለበስክልኝ» እያሉ ማሳፈርም ተቀባዩ ልብሱን ጥሎ በብርድ እንዲያድር ያደርገዋል።

በመጨረሻ ስለ ሟች ልብስ። በሳንባ ነቀርሳ ወይም በኤች አይ ቪ የሞተ ሰው ልብስና ጋቢ ሲቃጠል አይቻለሁ፤ ልጆቹ አጠገብ በብርድ እየተንቀጠቀጡ። የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በትንፋሽና በሳል ነው እንጂ በልብስ አይደለም፤ ኤች አይ ቪም በታጠበ ልብስ አይተላለፍም። እንዲህ ያለው ልብስ በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ተተኩሶ ለልጆቹ ይሰጥ። በተቅማጥ የቆሸሸ፣ ይልቁንም በአተት የታመመ ሰው ልብስ ከሆነ ወደ ወንዝ ሳይወሰድ በፊት በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምክር በበረኪና ይዘፍዘፍ ወይም ይቀቀል፤ እጣቢውም ሽንት ቤት ጉድጓድ ይደፋ።