በአንድ መንገደኛ ጉዞ የዓለምን ሕዝብ ልማድ ስለ ማስተማር

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች።

ልጅ የአገሮችን ስም በቃሉ ባጠና ጊዜ ዓለምን ያወቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዚያ አገር የሚኖረው ሰው ምን እንደሚበላና እንዴት እንደሚኖር ቢጠየቅ መልስ የለውም። ስለዚህ የምድርን ትምህርት አንድ መንገደኛን ተከትሎ ማስተማር ይበልጣል፤ የመንገደኛ ታሪክ ለልጅ ልብ ቅርብ ነውና። ይህም ትምህርት በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ማታ በየቤቱ በምድጃ ዳር ሊሰጥ ይቻላል።

ለዚህ የሚመች መንገደኛ ኢብን ባቱታ ነው። እርሱም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1304 ዓመት በሞሮኮ አገር በታንጀር ከተማ ተወለደ። በ1325 ዓመት የ21 ዓመት ጐልማሳ ሳለ ወደ መካ ሊሳለም ብቻውን ከቤቱ ወጣ። ያን ጊዜ በአገራችን ዐፄ ዐምደ ጽዮን ነግሠው ነበር። ከወጣም በኋላ እስከ 1349 ዓመት ወደ አገሩ አልተመለሰም። በዕድሜው የሄደበት መንገድ ሁሉ ቢደመር ወደ 117,000 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይገመታል።

መምህሩ አስቀድሞ በግቢው መሬት ላይ የብሱንና ባሕሩን በአመድ ለይቶ ይሣል። ለየከተማው አንድ ድንጋይ ያኑር፤ በየድንጋዩም አጠገብ አንድ ልጅ ያቁም። ሌላው ልጅ መንገደኛ ሆኖ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይሂድ፤ በደረሰበትም ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ። እንግዳን እንዴት ትቀበላላችሁ? ምን ትበላላችሁ? በምን ትገበያያላችሁ?

መልሱን መንገደኛው ራሱ ተናግሮታል። ዘይላ በደረሰ ጊዜ ከዓሣውና በመንገድ ከሚታረደው ግመል ሽታ የተነሣ፥ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ በመርከብ ማደርን መረጠ። በመቅዲሾ ግን ወጣቶች ምግብ በተከደነ ሳሕን ይዘው ወደ መርከብ ይወጡና እያንዳንዱ አንድ ነጋዴ መርጦ የእኔ እንግዳ ነው ይል ነበር። በዚያም በቅቤ የበሰለ ሩዝ ከልዩ ልዩ ወጥ ጋራ ቀረበለት። በሕንድ አገር የዴልሂ ንጉሥ ዳኛ አድርጎ ሾመው። በማልዲቭ ደሴቶች ሕዝቡ በዛጐል ሲገበያይ አየ። ስለ ቻይናም ሲናገር ገንዘባቸው ወረቀት እንደ ሆነ፥ ያረጀውም በአዲስ እንደሚለወጥ ገለጠ። በ1352 ዓመት ሰሐራን አቋርጦ ወደ ማሊ ሲሄድ በታጋዛ መንደር ቤቱ ከጨው ድንጋይ ተሠርቶ፥ ጣራውም በግመል ቈዳ ተከድኖ አገኘ። ጨውም እየተቈረጠ እንደ ወርቅና እንደ ብር መገበያያ ነበር።

እዚህ ላይ በጨው መገበያየት የሚያስቀው ልጅ ቢኖር መምህሩ አይቈጣው፤ ስለ አሞሌ ይንገረው እንጂ። ከአፋር ቈላ የሚወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበርና። ልጁም የሳቀው በገዛ አያቶቹ ገንዘብ እንደ ሆነ ያስተውላል።

የመንገደኛውም ስሕተት ያስተምራል። የማሊው ንጉሥ መንሳ ሱለይማን የእንግዳ መቀበያ በላከለት ጊዜ የክብር ልብስና ገንዘብ መስሎት ተነሣ፤ የመጣው ግን ሦስት ዳቦ፥ የተጠበሰ የበሬ ሥጋና በቅል ያለ እርጎ ነበር። በዚህ ሳቀ፥ ናቀም። ሆኖም ይኸው ሰው በዚያ አገር መንገደኛ ወንበዴ እንደማይፈራ፥ በዚያ የሞተ እንግዳም ገንዘቡ እንደማይወረስ መስክሯል። እንግዲህ ልጆቹ ይፍረዱ፤ ለእንግዳ የሚበልጠው የክብር ልብስ ነውን ወይስ ፍርድ?

ደግሞ ያየውንና የሰማውን ይለዩ ዘንድ ያስተምሯቸው። ስለ ቻይና ያወራውን ሁሉ በዐይኑ አይቶት እንደ ሆነ የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉና።

ኢብን ባቱታ በ1349 ዓመት ሲመለስ እናቱ ጥቂት አስቀድሞ በወረርሽኝ ሞታ ነበር፤ ያየውን ሊነግራት አልታደለም። ነገር ግን የሞሮኮ ሱልጣን አቡ ዒናን አዝዞ ኢብን ጁዛይ የተባለ ጸሐፊ ከአፉ እየሰማ ጻፈለት፤ መጽሐፉም በ1355 ዓመት ተፈጸመ። ጸሐፊ ባይገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ጉዞ ከባለቤቱ ጋራ በተቀበረ ነበር።

እኔ ይህን የምጽፈው በጸጸት ነው። አያቴ ጨው ጭነው ቈላና ደጋ የተመላለሱ ሰው ነበሩ። እኔ የሰው ደብዳቤ ስገለብጥ ኖሬ የእርሳቸውን መንገድ አንዲት መስመር ሳልጽፍ ዐረፉ። ዛሬ ልጆቼ በየት በየት አደሩ ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።

ስለዚህ የትምህርቱ መጨረሻ ይህ ይሁን። እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ወይም በጐረቤቱ ወዳለ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይሂድ፤ እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፤ የተነገረውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጻፍ። እናንተም ሽማግሌዎች፥ ልጁ ደብተር ይዞ ሲመጣ ነገ ና አትበሉት።