የሠራንበትን ሐቅ ስንጠይቅ



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጫማውን በእጁ ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ። ግራፊክ ዲዛይነር ነው። ቀጣሪ የለውም፣ ላፕቶፑን ይዞ በግሉ ይሠራል። ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ አርማ፣ የሱቅ ማስታወቂያና ለቴሌግራም ቻናላቸው የሚሆኑ ሃያ ያህል ምስሎች ሠርቶ አስረከበ። የተነጋገሩት 18,000 ብር ነበር። ካስረከበ ሦስት ወር ሆነው። "በደወልኩ ቁጥር ኢንሻአላህ ይሉኛል። ኡስታዝ፣ በየወሩ ቅጣት ብጨምርባቸው ሐራም ይሆንብኛል?" አለኝ።

"ዋጋውን የት ላይ ጻፋችሁት?" አልኩት። በስልክ ነው የተስማሙት። "መቼ ሊከፍሉህ ነበር?" "ሥራው ሲያልቅ።" "ማለቁን የሚወስነው ማነው?" ዝም አለ።

አልፈረድኩበትም። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለአንድ ድርጅት በራሪ ጽሑፍ ተርጉሜ፣ ዋጋ መጥራት አፍሬ "የመሰላችሁን ስጡኝ" ብዬ ነበር። የመሰላቸውን ሰጡኝ፤ የትራንስፖርቴን እንኳ አልሸፈነም። የሚያሳፍረው ደግሞ በዚያው ሰሞን መድረሳ የምቀራው የኢጃራን ምዕራፍ ነበር። ክፍያው ያልታወቀ የሥራ ውል ትክክል እንዳልሆነ ሸይኹ ሲጠይቁኝ በቃሌ እመልሳለሁ፣ ወጥቼ ግን "የመሰላችሁን" እላለሁ።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ ዕዳን ስለመጻፍ ነው፤ ሱረቱል በቀራህ 282። አብዛኞቹ ዑለሞች መጻፉ ዋጂብ ሳይሆን የተወደደ ነው ብለዋል፣ ዋጂብ ነው ያሉም አሉ። እስቲ ዛሬ በግሉ እንደሚሠራ ሰው ሆናችሁ አስተውሉት። የሚናገረው እስከ ተወሰነ ጊዜ ስለሚቆይ ዕዳ ነው፤ "ሥራው ሲያልቅ" እና "በቅርቡ" የተወሰነ ጊዜ አይደሉም፣ "ጥቅምት 20" ግን ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች ያዘናል። ምክንያቱንም ይነግረናል፦ ለፍትሕ የቀረበ፣ ለምስክርነት የጸና፣ ከጥርጣሬም የሚያርቅ ስለሆነ። እጅ በእጅ የሚያልቅ ንግድ ባይጻፍ ችግር እንደሌለውም ይገልጻል። የእናንተ ሥራ ግን እጅ በእጅ አይደለም። ዛሬ አስረክባችሁ ብሩን ከወር በኋላ የምትቀበሉ ከሆነ፣ በመሃል ያለው ዕዳ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። ቃሉን እንዲያስጽፍ የታዘዘው ዕዳው ያለበት ሰው ነው። በራሱ አንደበት ሲያምን ነገ መካድ ይከብደዋል። ስለዚህ ሒሳቡን መላክ ብቻ አይበቃም፤ "አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነው" የሚል መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ። በቴሌግራምም ቢሆን ይበቃል።

ወረቀቶቹንም አታምታቱ። ፕሮፎርማ ከሥራው በፊት የሚሰጥ የዋጋ ማቅረቢያ ነው። የክፍያ መጠየቂያ፣ ብዙዎቻችሁ ኢንቮይስ የምትሉት፣ ሥራውን ስታስረክቡ የሚላክ ነው። ደረሰኝ ደግሞ ብሩ ከገባ በኋላ የሚሰጥ። በመጠየቂያው ላይ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የሁለታችሁ ስም፣ የሥራው ዝርዝር ("ዲዛይን" ብቻ ሳይሆን "አርማ 1፣ የቻናል ምስል 20")፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ የመክፈያ ቀን፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር ይኑር። ደንበኛው ድርጅት ከሆነ የሒሳብ ክፍሉ ሕጋዊ ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ይህን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ስንቱ ልጅ ነው ሥራውን ጨርሶ በወረቀት እጦት የሚንከራተተው!

ወደ ቅጣቱ እንመለስ። ዕዳ ሆኖ ከጸና በኋላ በመዘግየቱ ብቻ ለራስ የሚወሰድ ጭማሪ ሪባ ነው። አስቀድማችሁ ብትስማሙበትም አይፈቀድም። ለወጣቱም ይህንኑ ነገርኩት፣ ፊቱ ጠቆረ። ግን በሩ አልተዘጋም። ከመጀመሪያው ቅድሚያ ክፍያ መቀበል ትችላላችሁ። ሥራውን በሦስት ከፍላችሁ በየደረጃው መቀበልም ትችላላችሁ። ሐነፊዮች በኪታቦቻቸው እንደ ልብስ ቀላሚ ያለ፣ ሥራው በዕቃው ላይ የሚታይ ባለሙያ ክፍያውን እስኪያገኝ ዕቃውን ይዞ መቆየት ይችላል ይላሉ፤ ተሸካሚን ግን አይፈቅዱለትም። ለዲዛይነር የሚቀርበው የቀላሚው ይመስለኛል። ናሙናውን ላኩ፣ ዋናውን ፋይል የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ ስጡ፤ ይህንንም ገና ስትስማሙ ተናገሩ፣ በኋላ ድንገት የሚመዘዝ ማስፈራሪያ እንዳይሆን።

ከሁሉ የሚከብደን ግን ይሉኝታው ነው። ትልቅ ሰውን፣ ያውም ሐጂን፣ "ብሬን" ማለት ነውር ይመስለናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳውን በሻካራ ቃል ጠየቀ። ሶሐቦቹ ሊነኩት ሲያስቡ ተዉት አሏቸው፤ ባለሐቅ የመናገር መብት አለውና። ከዚያም ከሰጣቸው የተሻለ ግመል እንዲሰጡት አዘዙ። መክፈል እየቻለ የሚያዘገይ ሰው በደለኛ መሆኑንም በሌላ ሐዲስ ነግረውናል። "ኢንሻአላህ" የተባረከ ቃል ነው፤ ቀን ማስተላለፊያ ስናደርገው ግን አላህን በዕዳችን ላይ እያስገባን ነው።

ይሁንና በቅድሚያ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ፦ ሰውዬው አልቻለም ወይስ አልፈለገም? ከዚያው ከዕዳው አያ ሁለት አንቀጽ በፊት፣ በ280፣ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪገራለት እንዲጠበቅ ታዟል፤ ዕዳውን መማር ደግሞ የበለጠ ነው። ሳትጠይቁ አታውቁም። ስለዚህ ከወጣቱ ጋር ቁጭ ብለን ይህን ጻፍን፦

"አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሠራሁልዎትን ሥራ ዝርዝርና የ18,000 ብር ሒሳብ ልኬያለሁ። እባክዎ ትክክል ከሆነ ያረጋግጡልኝ። እስከ ጥቅምት 20 ቢከፍሉኝ ደስ ይለኛል። የሚያስቸግርዎ ከሆነም ይንገሩኝ፣ በሚመችዎ ከፍለን ቀን እንጻፍለት።"

"ለመስጂድና ለየቲሞች ስንሠራስ?" ለምትሉ፦ ከመጀመራችሁ በፊት ሶደቃ ነው ወይስ ሥራ ብላችሁ ወስኑ፣ ለኮሚቴውም ንገሩ። በግማሽ ሶደቃ በግማሽ ቂም የሚሠራ ነገር ለማንም አይበጅም። ደግሞ እናንተም ቀን አክብሩ። በአምስት ቀን ብላችሁ በሃያኛው ቀን አስረክባችሁ ሰውዬውን በመዘግየት መክሰስ አይሆንም፤ የእኛ ወጣት ራሱ ዘጠኝ ቀን አዘግይቶ እንደነበር ቆይቶ ነው የነገረኝ። በመልእክቱ ላይ ይቅርታ ጨመርንበት።

ረቡዕ ጻፈልኝ። ሐጂው "ልጄ፣ እኔ እኮ ስንት እንደተባባልን ጠፍቶኝ ስልክ መመለስ አፍሬ ነው" አሉት። 8,000ውን በዚያው ቀን በቴሌብር ላኩ፣ ለቀሪው 10,000 ኅዳር 5 ብለው ራሳቸው ጻፉለት።

ወላሁ አዕለም።