አገርን መውደድና ዐሰቢያ



ውድ አንባብያን! ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ እዚህ አቃቂ፣ ከመስጊዳችን በር ላይ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ደረስኩ። አንደኛው በአንድ ክልል ስለተገደሉ ሰላማዊ ሰዎች እያነሳ ያዝናል። ሁለተኛው ግን «ያደረጉት የኔ ወገኖች ናቸው፤ ምክንያት ቢኖራቸው ነው» ይላል። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እስቲ ይንገሩን፤ ወገንን መውደድ ሐራም ነው እንዴ?» አለኝ። በችኮላ የሰጠሁት መልስ እኔንም ስላላረካኝ በዚህ ጽሑፍ ላሟላው ወደድኩ።

በቅድሚያ አገርን መውደድ ነውር አይደለም። ነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ፣ እጅግ እንደሚወዷትና ሕዝቧ ባያስወጣቸው ኖሮ እንደማይለዩዋት መናገራቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። ልብ በሉ! ያኔ መካ በሙሽሪኮች እጅ ነበረች፤ ካዕባም በጣዖታት ተከቦ ነበር። እሳቸው የወደዱት አገራቸውን እንጂ የሹማምንቷን በደል አልነበረም።

ይህንኑ በራሳችንም ታሪክ አይተነዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሕዝበ ሙስሊም ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የስም ጥያቄ ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነው። በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ የተቆጠረ ሕዝብ አገሩን አልካደም፤ ልጅነቱን ጠየቀ እንጂ። ፍትሕ ወዳድ ክርስቲያኖችም አብረውት ተሰልፈዋል። ዒዶቻችንና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆነው የታወቁትም ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን ነው።

ዐሰቢያ ግን ሌላ ነው። በአንድ ዘመቻ ላይ ከሙሃጂሮች አንዱ ከአንሷሮች አንዱን መታ። ተመቺው «አንሷሮች ሆይ!»፣ መቺው «ሙሃጂሮች ሆይ!» እያሉ ወገን ወገናቸውን ተጣሩ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ የጃሂሊያ ጥሪ መሆኑን ገልጸው፣ የገማ ነገር ነውና ተዉት ማለታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙሃጂርና አንሷር እኮ ቁርኣን ያወደሳቸው ስሞች ናቸው! ስሙ አልከፋም፤ የከፋው ማን በደለ ሳይባል በስም ብቻ መሰለፉ ነው። እነዚያ የከበሩ ስሞች ለበደል መሰለፊያ ሲሆኑ ከተወገዙ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ስልጤ፣ ሶማሌ የሚሉት ስሞቻችን ምን የተለየ ዋስትና አላቸው? «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ስምም ቢሆን ደካማን መግፊያ ከሆነ ከዚሁ አያመልጥም።

የወጣቱ ጥያቄ ቀድሞም ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርቦላቸው ነበር። ወገንን መውደድ ዐሰቢያ አለመሆኑን፣ ዐሰቢያ ማለት ወገንን በበደሉ ላይ ማገዝ መሆኑን መመለሳቸውን ኢብን ማጃህ ዘግበዋል። ሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 135ም በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር ያዘናል። እንግዲህ በዳይ ወገንን መርዳት የሚቻለው እጁን ከበደል በመያዝ ነው።

አቃቂን የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የባቡሩ ሐዲድና ፋብሪካዎቹ ከአራቱም ማዕዘን ሰው አሰባስበውባታል። በየቋንቋችን ብናወጋ፣ ለየትውልድ ቀያችን ብናዋጣ ማንም አይወቅሰንም። ነገር ግን በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሰግደን ስናበቃ፣ ለማዘን የሟቹን ዘር የምንጠይቅ ከሆነ ከሶላታችን ምን ተማርን?

እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። ወገኔ ሲበደል የምጮኸውን ያህል ወገኔ ሲበድል እናገራለሁን? አዎን የሚል ወገኑን በሐቅ ወዷል። ዝም የሚል ግን፣ ወንድሜ ሆይ፣ ፍቅር ብሎ የያዘው ነገር ዐሰቢያ እንዳይሆን ይፍራ።

አላህ ልቦቻችንን ከጃሂሊያ ጥሪ ይጠብቅልን፤ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን!