ራሙ የት ሄደ? ከዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ የጎደለን ሜሞሪ ስለመፈለግ

«የ32 ቢት አድራሻ 4 ጊጋባይት ብቻ ይሸፍናል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል። እኔም ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን በወንድሜ ሱቅ ውስጥ፣ ያውም ሰው ካስቀየምኩ በኋላ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ያጋጠመኝንና ከዚያ የተማርኩትን የፍተሻ ቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

ያጋጠመኝ ነገር

ታላቅ ወንድሜ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የተመራቂዎች ወረቀት ሲበዛበት ኮምፒዩተሩ አልችል አለ፤ ሥዕል የበዛበት ፋይል በተከፈተ ቁጥር ድርቅ ይላል። የነበረው ራም ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር 3 ነበር። «ራም ጨምርለት» ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። እሱም ካጠራቀማት ላይ አውጥቶ መርካቶ ካለ አንድ ሱቅ ሌላ ባለ 4 ገዛ። እኔው ከፍቼ ሰካሁት። ስናበራው ዊንዶውስ 7 የሚያሳየው አሁንም 4.00 ጊጋባይት፣ ከዚያም ውስጥ ጥቅም ላይ የሚውለው 3.16 ብቻ ነው። ምንም ለውጥ የለም!

እኔም ሳላጣራ «የሞተ ራም ነው የሸጡልህ» አልኩት። ወንድሜ ተናዶ ሻጩ ጋ ደወለና ሌባ ብሎ ሰደበው። ሰውዬው ግን ረጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ባዮሱ ስንት ይላል?» አለ። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪው ባዮሱን አላየሁትም ነበር።

ቁጥሩ የሚነበብባቸው ቦታዎች

የሜሞሪ መጠን በሦስት ቦታ ይነበባል። አንደኛው ራሱ ራሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ሁለተኛው ባዮስ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ደሊት ወይም ኤፍ 2 በመጫን ይገባል። ሦስተኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ቁጥሩ መጀመሪያ የጎደለው የቱ ጋ ነው?» የሚል ነው። ባዮስ ላይ ከጎደለ ችግሩ ሃርድዌር ነው፤ ዊንዶውስን ደጋግሞ መጫን ከንቱ ድካም ነው። ባዮስ ላይ ሞልቶ ዊንዶውስ ላይ ከጎደለ ደግሞ ራሙን መወንጀል አይገባም።

ባዮስ ላይ ሲጎድል

የእኛ ባዮስ 4096 ሜጋባይት አለ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀልኩ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኜ የቀረውን ኃይል አስወጣሁ፣ የሲስተም ዩኒቱን (ብዙዎቻችን ሲፒዩ የምንለውን ሣጥን) ብረት ነክቼ ከሰውነቴ ላይ ስታቲኩን አራገፍኩ። ሁለቱንም ራም አውጥቼ ወርቃማውን ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብዬ ጠረግሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ሞከርኩ። አዲሱ ራም በአንደኛው ማስገቢያ ብቻውን ሲሰካ በደንብ ሠራ። ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ግን አሮጌውም አዲሱም አልታዩም። ለካ ጥፋተኛው ማስገቢያው ኖሯል! ያለ ሥራ ለዓመታት ክፍት ስለቆየ አቧራ ሞልቶታል። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጠርጌ ሁለቱንም ጠቅ እስኪሉ ድረስ ሰካኋቸው። ባዮስ 8192 አለ።

በዚህ ካልተፈታ የማዘርቦርዱን ማኑዋል ማየት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ቦርድ የሚቀበለው ከፍተኛ መጠን አለው። የፕሮሰሰሩ ሶኬት ላይ አንድ ፒን ቢታጠፍም አንዱ የሜሞሪ መስመር ሊጠፋ ይችላል።

ዊንዶውስ ላይ ሲጎድል

ደስ ብሎን ዊንዶውስን ብንከፍት 8.00 ጊጋባይት፣ ጥቅም ላይ የሚውለው 3.16! ያ የሸመደድኩት ዓረፍተ ነገር እዚህ ላይ መጣ። ነገሩን በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንየው። አራት አሃዝ ብቻ ከተፈቀደ ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 ሣጥን ነው፤ ከዚያ በላይ ሣጥን ቢገዛም ቁጥር አይኖረውም። እንዲሁም በ32 ቢት የሚጻፈው አድራሻ 2 ሲባዛ በራሱ 32 ጊዜ፣ ማለትም 4,294,967,296 ነው። ይህም 4 ጊጋባይት ነው። ከዚሁ ላይ ደግሞ ግራፊክሱ፣ ኔትወርክ ካርዱና የባዮስ ቺፑ የየራሳቸውን አድራሻ ይወስዳሉ። 3.16 የቀረው ለዚህ ነው። ፕሮሰሰሮች ከዚህ በላይ የሚያዩበት ፒ.ኤ.ኢ. የሚባል ዘዴ ቢኖርም፣ የ32 ቢቱ ዊንዶውስ 7 ከ4 ጊጋባይት በላይ እንዳይጠቀም ተገድቧል።

ወደዚህ ድምዳሜ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አይቻለሁ። ኤምኤስኮንፊግ ከፍታችሁ ቡት፣ ከዚያም አድቫንስድ ኦፕሽንስ ስትገቡ «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚል ሣጥን አለ። ምልክት ካለበት አንሱት። የእኛ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ መፍትሔው ወደ 64 ቢት መቀየር ሆነ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 3 ስለሆነ 64 ቢት ይችላል። ከ32 ወደ 64 ቢት ግን በላዩ ላይ ማሻሻል አይቻልም፤ እንደ አዲስ ይጫናል። ስለዚህ የደንበኞችን ፋይል በሙሉ ገለበጥን፤ ለፕሪንተሩም የ64 ቢት ድራይቨር መኖሩን አስቀድመን አረጋገጥን። ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ስላበቃ የ64 ቢት ዊንዶውስ 10 ጫንን (የእሱም መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል)። ጥቅም ላይ የሚውለው 7.88 ሆነ። የቀረችውን ትንሽ ቦርዱ ላይ ያለው ግራፊክስ ይዟታል፤ ይህ ጤነኛ ነው።

በመጨረሻም

በማግስቱ ከወንድሜ ጋር መርካቶ ሄደን ሻጩን ይቅርታ ጠየቅን። ሰውዬው ሳቀና «ሁሉም መጀመሪያ እኛን ነው የሚሰድበው» አለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ወንድሜ ሌባ ያለው እኔን አምኖ ነበር። እናም ጓደኞቼ፣ «ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለዛሬው በዚህ ላብቃ።