ከመንካትሽ በፊት ጠይቂ፣ ከነካሽ በኋላ ጻፊ

ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ የኔ ዓለም። ቀን ደሴ ሆስፒታል፣ ማታ ደግሞ ኮምቦልቻ አንድ የግል ክሊኒክ ልትሠሪ ነው አሉኝ። ጎሽ! እጅሽ ሙያ እንደሚያውቅ አውቃለሁና ስለ እጅሽ አልመክርሽም። በፊዚዮቴራፒ ጣጣው የሚመጣው ይበልጡን ሳይጠይቁ ከመንካት፣ ሳያስረዱ ከመጀመርና ሳይጽፉ ወደ ቤት ከመሄድ ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱን ተጠንቀቂ። ደሴ ብርዳም ናት፤ ታካሚው ገና ከበር ሲገባ "ልጄ፣ ሞቅ አድርጊልኝ" ይልሻል። ስኳር ያለባቸው እናት ከሆኑ ግን እግራቸው ሙቀቱን ላይለየው ይችላል። ሆት ፓኩን ከማንሳትሽ በፊት በአንድ የመስታወት ቱቦ ሞቅ ያለ፣ በሌላው ቀዝቃዛ ውኃ ሙዪ፤ ዓይናቸውን አስጨፍነሽ እግራቸውን እያስነካሽ "የቱ ነው የሞቀው?" በያቸው። ካልለዩ ሆት ፓክ የለም፣ በቃ። ከለዩም ፎጣውን ደራርቢ፣ አምስት ደቂቃ ሲሆን ገልጠሽ ቆዳውን እዪ። ደግሞ የወሎ እናት መሆናቸውን አትርሺ፤ እየተቃጠሉም "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ነው የሚሉሽ። ለሐኪም ማማረር ነውር ይመስላቸዋል። ስለዚህ "ደህና ነዎት?" ማለት አይበቃም። "ትንሽ ካቃጠለዎት ይጥሩኝ፣ ደስ ነው የሚለኝ" ብለሽ አስቀድመሽ አደፋፍሪያቸው።

በዳያተርሚ፣ ማለትም ሰውነትን ከውስጥ በሚያሞቀው ማሽን ልታክሚ ስትነሺ፣ ታካሚው ሰውነቱ ውስጥ ብረት እንዳለ ጠይቂ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳርሷል፤ ፍንጣሪ በሰውነቱ ይዞ የሚኖር ሰው ወደ አንቺ መምጣቱ አይቀርም። ጉልበቴን ብሎ የመጣ ወጣት ጭኑ ውስጥ ስላለው ፍንጣሪ ካልጠየቅሽው ላይነግርሽ ይችላል፤ ማሽኑ ደግሞ ብረቱን አግሎ ከውስጥ ያቃጥለዋል። የልብ ምት ማስተካከያ ማሽንና እርግዝናንም እንዲሁ ጠይቂ። አትፈሪ፣ በጥያቄሽ የሚቀየም የለም።

ወገቤን ያለ ሁሉ ዲስክ አይደለም፣ እህቴ። የከሳ፣ ትኩሳት ያለው፣ ሌሊት በላብ የሚጠመቅ ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊኖረው ይችላልና ወገቡን አታንቋቂ። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው ደግሞ ለነገ ቀጠሮ አይሰጠውም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ። ሪፈር መጻፍ ከክብርሽ አንዲት ነገር አይቀንስም።

ወጌሻ ጋ ቆይቶ የመጣውንም አትቆጪ። እጁ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ጣቶቹ ቀዝቅዘው ወይም ጠቁረው ካየሽ ማሰሪያውን ፍቺና ወደ ድንገተኛ ክፍል አስሩጪው። ግን ሲደርስ ጣቶቹ ምን እንደሚመስሉና ሰዓቱን ካርዱ ላይ ሳታሰፍሪ አታሳልፊው። እጁ ቢቆረጥ "እሷ ከነካችው ወዲህ ነው" የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ የሚከራከርልሽ ያ መስመር ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል ካልሽኝ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 መሠረት ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሳይጠብቅ በቸልተኝነት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ተጎጂው የካሣ ክስ የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 ደግሞ በቸልተኝነት አካል መጉዳትን ይቀጣል፤ ሰውን የመጠበቅ ልዩ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱን ያከብዳል፣ ምሳሌ አድርጎ የሚጠራውም ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። አብሽሪ፣ ላስፈራራሽ አይደለም። ግን ሁለት ዓመት ሊሆን አንድ ሳምንት ሲቀረው ብትጠየቂ፣ የትኛውን ትከሻ ለስንት ደቂቃ እንዳሸሽ ታስታውሺያለሽ? ስለዚህ ቀኝ ወይ ግራ በይ፣ ደቂቃውን፣ የሰጠሽውን ምክር፣ እምቢ ያለውን፣ የቀረበትን ቀጠሮ ጻፊ። ቤት የሚሠራውን እንቅስቃሴ አስታማሚው ፊትሽ ሠርቶ ያሳይሽ፤ ማሳየቱንም ጻፊው።

ፈቃድ ሳትጠይቂ ማንንም አትንኪ፤ ሕጉም ታካሚው አውቆና ተረድቶ እንዲፈቅድ ይላል። የት እንደምትነኪ፣ ለምን እንደምትነኪ፣ የትኛው ልብስ እንደሚነሳ ንገሪው። የተሸፈነች እህት ስትመጣ መጋረጃው ይዘጋ፣ ከፈለገች አስታማሚዋ ትግባ። ወንድ ባልደረባሽም ሴት ሲያክም አንቺን ይጥራ፣ "ሥራ አለብኝ" እንዳትይው።

እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን ነገር ቢበላሽ፣ ቆዳ ቢላጥ፣ ሰው ቢወድቅ፣ እዚያው አቁሚ። ሐኪም ይየው፣ ለታካሚውና ለቤተሰቡ የሆነውን ራስሽ ንገሪ፣ ለአለቃሽ በጽሑፍ አሳውቂ። ካርዱን እንዳትደልዢ፣ ሆዴ! የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዘሽ ቀን ጽፈሽ ፈርሚ፤ የተደለዘ ካርድ ንጹሑን ሰው ጥፋተኛ ያስመስላል። ሽማግሌ ቢላክ እሰየው፣ በአክብሮት ተቀበያቸው፤ መሥሪያ ቤትሽ ሳያውቅ ግን ገንዘብ አትክፈይ፣ ወረቀትም አትፈርሚ።

የኮምቦልቻው ክሊኒክ ደግሞ አንዳንዴ "መርፌውንም አንቺው ውጊው" ይልሽ ይሆናል። የሙያ ፈቃድሽ ላይ የሌለውን አትሥሪ፣ አለቃ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። ቀን ሙሉ ስትሠሪ ውለሽ ማታ አሥር ሰው አልቀበልም በይ፤ የደከመ እጅ የሽማግሌ ሚዛን ይዞ ማራመድ አይችልም። ጉዳት ቢደርስ ማን ኃላፊ እንደሚሆን፣ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ መኖር አለመኖሩን ባለቤቱን ጠይቂው፤ መልሱም ውልሽ ላይ ይስፈር። ነገ ከመሄድሽ በፊት ደግሞ የሙያ ፈቃድሽ የሚያበቃበትን ቀን አይተሽ ደውይልኝ።