የከተማ በጀትና የሰፈር ሸንጎ፤ ከፖርቶ አሌግሬ የምንማረው

ዴሞክራሲ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜውም የሕዝብ ሥልጣን ማለት መሆኑን ሁላችንም ተምረነዋል። ነገር ግን ሕዝብ ሥልጣኑን የሚሠራበት በምርጫ ቀን ብቻ ነው ወይስ በሁለት ምርጫዎች መካከል ባሉት ዓመታት ጭምር? ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ መልሱ እንደ ትርጓሜው ቀላል አይሆንም። ካርዱ ከሣጥን ከገባ በኋላ ዜጋው ወደ ቤቱ፣ ተመራጩ ወደ ቢሮው ገብቶ የማይገናኙ ከሆነ የዴሞክራሲ ስሙ ብቻ ይቀራል። ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከመመርመር ይልቅ በሥራ ላይ የዋለ ምሳሌ ወስዶ ማየት ይሻላል። ምሳሌያችን በደቡብ ብራዚል የምትገኘው የፖርቶ አሌግሬ ከተማ ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩ኛ፤ አጀማመሩ

ብራዚል ከ1964 እስከ 1985 በወታደሮች ስትገዛ ቆይታለች። በዚያ ዘመን ከተሞች በፍጥነት ስላደጉ፣ ብዙ ድኃ ሕዝብ ውሃና መንገድ በሌለባቸው ዳርቻዎች ሠፈረ። የፖርቶ አሌግሬ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ያቋቋሟቸው ማኅበሮች በ1983 ተባብረው አንድ ኅብረት መሠረቱ። ኅብረቱም የከተማው ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል ነዋሪው ራሱ እንዲወስን ጠየቀ። ልብ እንበል፤ ጥያቄው የመነጨው ከሹማምንት ሳይሆን ከሰፈር ነው። የሠራተኞች ፓርቲ በ1988 የከተማውን ምርጫ አሸንፎ ኦሊቪዮ ዱትራ በ1989 ከንቲባ ሲሆኑ ጥያቄው መልስ አገኘ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የሚያስደስቱ አልነበሩም። አብዛኛው ገቢ ለደመወዝ ስለሚውል፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ የመረጠው ሥራ ገንዘብ አጣ፤ ሥራው ሲጠፋም ተሰብሳቢው ቀነሰ። ግብሩ ተሻሽሎ መንገዱ ሲነጠፍና ቧንቧው ሲዘረጋ ግን ሕዝቡ ተመልሶ መጣ፤ በየዓመቱ የሚሳተፈውም በዐሥር ሺሕ ይቆጠር ጀመር። እንግዲህ ሰው ከስብሰባ የሚቀረው ስለ ሰነፈ ብቻ ሳይሆን፣ ቃሉ ወደ ሥራ ሲለወጥ ስላላየም ነው።

፪ኛ፤ አሠራሩ

ከተማዋ በ16 ክፍሎች ተከፈለች። በየዓመቱ በየክፍሉ ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት የሆነ ሸንጎ ይሰበሰብ ነበር። አስተዳደሩ አስቀድሞ ካለፈው ዓመት ቃል የቱ እንደ ተሠራ፣ የቱ እንደ ቀረ መልስ ይሰጣል። ከዚያም ሸንጎው ከውሃ፣ ከመንገድ፣ ከመኖሪያ ቤት፣ ከትምህርትና ከመሳሰሉት የትኛው እንዲቀድም ይመርጣል። የተወካዮች ቁጥር የሚወሰነው በተገኘው ሰው ብዛት ስለ ነበር፣ ጎረቤቱን ቀስቅሶ ያመጣ ይጠቀማል። ከየክፍሉ የሚመረጡ ሁለት ሁለት አማካሪዎችም በከተማው የበጀት ምክር ቤት ይቀመጣሉ። ዘመናቸው አንድ ዓመት ሲሆን፣ በተከታታይ ሊደግሙ የሚችሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያም በፊት ሊሻሩ ይችላሉ።

ገንዘቡ ሲከፋፈል የሚመዘኑት ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ እነሱም የክፍሉ ሕዝብ ብዛት፣ የጎደለው አገልግሎት መጠንና ክፍሉ ራሱ የሰጠው ቅድሚያ ናቸው። ነጥቡ በግልጽ ስለሚሰላ ዘመድ ያለው የሚቀድምበት በር ጠበበ። በ1989 የቆሻሻ ውሃ መውረጃ የነበራቸው ከ100 ቤቶች 46 ያህሉ ሲሆኑ፣ በ1996 ወደ 85 ደረሱ። አሠራሩም ወደ ብዙ አገሮች ከተሞች ተዛመተ።

፫ኛ፤ አወዳደቁ

የሠራተኞች ፓርቲ በ2004 ምርጫ ተሸነፈ። ሸንጎው ስሙ ባይጠፋም ኃይሉ እየደከመ ሄዶ በ2017 ታገደ። ምክንያቱን ስንመረምር፣ ሥርዓቱ የቆመው ምክር ቤቱና አስተዳደሩ በተስማሙበት ደንብ እንጂ በሕግ አልነበረም። ደጋፊዎቹ በሕግ እንዳይታሰር የፈለጉት ነዋሪው ደንቡን በየዓመቱ እንዲያሻሽል በማሰብ ነበር፤ አሳባቸውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከንቲባው ሲወድ የሚሰፋ፣ ሲጠላ የሚጠብ ሆነ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል፤ ጌታው የተለወጠ ዕለት ግን ላቷ የጅብ ነው።

፬ኛ፤ ለእኛስ?

የወላጆቻችን ዕድር ከዚህ ችግር የራቀ ነው። ደንቡን ራሱ ይጽፋል፤ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ የቀረውን ይቀጣል፤ ሒሳቡን በአባላት ፊት ያስነብባል። የማንንም ሹም በጎ ፈቃድ አይጠብቅምና መንግሥት ሲለዋወጥ እሱ ኖሯል። ነገር ግን ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ከለቅሶና ከድንኳን አያልፍም። ፖርቶ አሌግሬ የሕዝብ በጀት ነበራት፤ ዕድር በራሱ የመቆም ጥናት አለው። የሚያስፈልገው የሁለቱ መጋጠም ነው፤ ይኸውም በሕግ የታወቀ፣ በሕዝብ ገንዘብ ላይ የሚወስን፣ ከሹማምንት ተለይቶ በራሱ ማኅበር የቆመ ሸንጎ ነው። ስለ ድንኳን ኪራይ አምሽቶ የሚከራከር ዜጋ ስለ ሰፈሩ ውሃና መንገድ መከራከር አያቅተውም።

እኛም ተማሪዎች ይህን ትምህርት ከሩቅ መጀመር የለብንም። የማኅበራችን የዓመት ሒሳብ በሚነበብበት ዕለት ተገኝተን፣ አምና ቃል የተገባው የቱ ተሠራ? የቱ ቀረ? ለምን? ብለን እንጠይቅ። በትንሹ ገንዘብ ያልተለማመደ ዜጋ በትልቁ ሊጠይቅ አይችልም።